ኤሲው ይቀዘቅዛል፣ ነፋሱ ግን የት ገባ? ለአሮጌ ፒክአፕ የአየር መውጫ ችግር የትኛው ጥገና ያዋጣል

ሐምሌ ውስጥ ከሰቃ ጨቆርሳ ወደ ጅማ ስመለስ ጋቢናው ውስጥ አምስት ነበርን፤ ሦስቱ ዝናብ የመታቸው፣ ልብሳቸው ገና የሚንጠባጠብ። ሁለት ኪሎ ሜትር ሳንሄድ የፊት መስታወቱ ጉም ለበሰ። ኤሲውን ከፈትኩ፤ ነፋሱ እግሬ ላይ ወረደ። መምረጫውን ወደ መስታወቱ ምልክት ገፋሁት፤ አሁንም እግሬ ላይ። አጠገቤ የተቀመጡት አዛውንት በፎጣቸው ጫፍ መስታወቱን ይጠርጉልኝ ጀመር፤ እኔም እሳቸው በጠረጉልኝ ልክ እያየሁ እንደምንም ከተማ ገባን። በማግስቱ ጋራዥ ሄጄ "ጋዝ ሙሉልኝ" አልኩ። ሞሉ፤ ከፈልኩ። ለውጡ እግሬ የባሰ መብረዱ ብቻ ነበር።

በወሩ ደግሜ አስሞላሁ፤ ያው። ቆይቶ ሌላ ጋራዥ ያገኘሁት ረዳት ልጅ ከዳሽቦርዱ ሥር አንገቱን አስገብቶ ትንሽ ቆየና፣ "ጋሼ፣ ጋዙ ምንም አልሆነም። ካቦው ወልቋል" አለኝ። መምረጫውን ከአየር በሩ ጋር የሚያገናኘውን ሽቦ፣ ካቦውን፣ የምትይዘው ጥፍር የምታህል ማያያዣ ተስፈንጥራ ምንጣፉ ላይ ወድቃ ነበር። አንስቶ ገጠማት። አሥር ደቂቃ አልፈጀም።

አሮጌ ፒክአፕ ያለው ሰው የአየር መውጫው ሲያስቸግረው ምክር አያጣም። ጋዝ ሙላ፣ ፋኑን ቀይር፣ ዳሽቦርዱን አስወርድ፣ ሙሉ ሣጥኑን ከአዲስ አበባው የመለዋወጫ ገበያ ከሶማሌ ተራ አስመጣ፣ ተወው መስኮት ክፈት። እያንዳንዱ ምክር ለአንድ ዓይነት ብልሽት ትክክል ነው፤ ችግሩ የትኛው ለየትኛው እንደሆነ የሚነግር መጥፋቱ ነው። የእኔን አቋም ከመጀመሪያው ልናገር፦ በጅማና በዙሪያዋ ለሚነዳ ሰው ገንዘቡ መጀመሪያ ነፋሱ ላይ፣ ቀጥሎ የነፋሱ አቅጣጫ ላይ፣ ከዚያ ቅዝቃዜው ላይ ይውላል። ጋዝ የመጨረሻው ነው።

ሃይሉክስ ይሻላል ዲማክስ የሚል ክርክር ውስጥ አልገባም። ኤል 200 ይሁን ሃርድቦዲ፣ ከዳሽቦርዱ ጀርባ ያለው ሣጥን አሠራሩ ተመሳሳይ ነው፦ ፋን፣ አየሩን የሚያቀዘቅዘው ኢቫፖሬተር፣ ከሞተሩ ሙቅ ውኃ የሚመጣበት ትንሽ የማሞቂያ ራዲያተር፣ በመካከላቸውም የሚከፈቱና የሚዘጉ በሮች። አንደኛው በር አየሩ ከውጭ ይግባ ወይስ የጋቢናው አየር ይዙር የሚለውን ይወስናል። ሁለተኛው ሙቁንና ቀዝቃዛውን ያመጣጥናል። ሦስተኛው ወደ ደረት፣ ወደ እግር ወይም ወደ መስታወት ይመራል። የእኔ መኪና የታመመው በሦስተኛው ነበር።

መለኪያዎቹ

አንደኛውና ዋናው፣ ኤሲውን ለምን ትፈልጉታላችሁ የሚለው ነው። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,780 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሙቀቷ ሰው አይገድልም። ዝናቧ ግን ረጅም ነው፤ ከመጋቢት ጀምሮ ይመጣል፣ እስከ ጥቅምትም አይለቅም። ስለዚህ እዚህ ኤሲ ከማቀዝቀዣነቱ ይልቅ ማድረቂያነቱ ይበልጣል። አየሩ በቀዝቃዛው ኢቫፖሬተር ላይ ሲያልፍ እርጥበቱ ውኃ ሆኖ ይቀራል፣ በቀጭን ጎማ ከመኪናው ሥር ይንጠባጠባል፤ ወደ መስታወቱ የሚደርሰው ደረቅ አየር ነው። ኤሲውን ከፍቶ መጠነኛ ሙቀት ጨምሮ፣ አየሩን ከውጭ አድርጎ ወደ መስታወት መልቀቅ ጉሙን በደቂቃዎች ውስጥ ያነሣዋል። ብዙ ሰው ኤሲና ማሞቂያ በአንድ ላይ መክፈት ስሕተት ይመስለዋል፤ አይደለም።

ሁለተኛው ምን ያህል መፍታት ይጠይቃል የሚለው ነው። የሃያና የሠላሳ ዓመት ፕላስቲክ ደርቆ እንደ ብስኩት ይሰበራል። ዳሽቦርድ አንዴ ከወረደ በኋላ በጥርጊያ መንገድ ላይ የማይንቋቋ መኪና እስካሁን አላየሁም።

ሦስተኛው ዕቃው የት ይገኛል? ጅማ ካለ ዛሬ ያልቃል። ከሌለ 350 ኪሎ ሜትር ርቆ ከአዲስ አበባ ሊመጣ ነው፤ የተሳሳተ ከመጣ ደግሞ መመላለሱ አለ። አራተኛው መኪናው ስንት ቀን ይቆማል የሚለው ሲሆን፣ በቡና ለቀማ ወራት ፒክአፕ ላለው ሰው ይህ ከጥገናው ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። የመጨረሻው፣ ሥራው ቢበላሽ ወደ ነበረበት ይመለሳል ወይ?

ዋጋ በብር አልጻፍኩም፤ ዛሬ የጻፍኩት በወሩ ያረጃል። ይልቅ የእጅ ብቻ የሚከፈልበት፣ እጅና አንድ ዕቃ የሚጠይቅ፣ ዕቃና የቀናት ሥራ የሚጠይቅ ብዬ ለይቼዋለሁ።

ኪስ ከመግባት በፊት ሩብ ሰዓት

ሞተሩን አስነሡና ፋኑን ከአንድ እስከ አራት እየለዋወጣችሁ አዳምጡ። ድምፁ እየጨመረ ነፋሱ የማይጨምር ከሆነ መንገዱ ተዘግቷል። አንድ፣ ሁለትና ሦስት ላይ ዝም ብሎ አራት ላይ ብቻ ከተነሣ የፋኑን ፍጥነት የሚቀንሰው ሬዚስተር ተቃጥሏል ማለት ነው፤ ይህ ምልክት ከሞላ ጎደል አይሳሳትም። በየትኛውም ካልተነሣ ፊውዙን እዩ፣ ቀጥሎ ኤሌክትሪኩን የሚያገናኘውንና የሚያቋርጠውን ሪሌ፣ ከዚያ የፋኑን ሞተር።

አሁን አንዲት ሶፍት ያዙና በየመውጫው ፊት አስጠጉ። መምረጫውን ወደ ደረት፣ ወደ እግር፣ ወደ መስታወት እያዞራችሁ ሶፍቷ የት እንደምትወዛወዝ ተመልከቱ። መምረጫው ላልቶ ያለ ምንም ተቃውሞ ከዞረ ካቦው ወልቋል። ጠንክሮ እምቢ ካለ ካቦው ውስጡ ዝጓል ወይም በሩ ተጣብቋል፤ በጉልበት አትግፉት፣ የሚሰበረው የፕላስቲኩ ክንድ ነው።

ሦስተኛው ምርመራ ብዙዎችን ከከንቱ የጋዝ ወጪ ያድናል። ኤሲው ተከፍቶ አሥር ደቂቃ ከሠራ በኋላ ሞተሩን አጥፉ፣ ኮፈኑን ክፈቱ። ከሞተሩ ክፍል ወደ ጋቢናው ግድግዳ የሚገቡ ሁለት የአሉሚኒየም ቧንቧዎች ታያላችሁ፤ ወፍራሙን ንኩት። ቀዝቅዞ ላብ አውጥቶ ከሆነ ጋዙና እሱን የሚገፋው ኮምፕሬሰር ሥራቸውን እየሠሩ ነው። ቧንቧው እንዲህ ቀዝቅዞ ጋቢናው ውስጥ ለብ ያለ ነፋስ ከመጣ ጥፋቱ ውስጥ ነው፦ የሙቅና የቀዝቃዛው በር አልዘጋም፣ ወይም የማሞቂያው ውኃ ቫልቭ ክፍት ቀርቷል። ቫልቩን ለማወቅ የሙቀት መቆጣጠሪያውን ቀዝቃዛው ጫፍ ላይ አድርጉና ወደ ጋቢናው የሚገቡትን ሁለት የውኃ ጎማዎች በጥንቃቄ ዳብሱ። ቫልቩ በደንብ ከዘጋ አንዱ ሙቅ፣ ሌላው ቀዝቀዝ ያለ ነው። (ቫልቭ ጭራሽ የሌላቸው መኪኖችም አሉ፤ እነሱ ላይ ሁለቱም ሁልጊዜ ይሞቃሉ፣ ሥራው በሙሉ የበሩ ነው።)

አንድ ምልክት ደግሞ ከተማ ውስጥ አይታይም። ወደ አዲስ አበባ ስትሄዱ መጀመሪያ ደህና ይነፍስና ጊቤ በረሃ ላይ፣ በጣም በምትፈልጉት ሰዓት፣ ነፋሱ እየሟሸሸ ይሄዳል። ኤሲውን ብቻ አጥፍታችሁ ፋኑን ክፍት ትታችሁ አሥር ደቂቃ ስትቆዩ ነፋሱ ከተመለሰ ኢቫፖሬተሩ በረዶ ይዞ ነበር። መንስኤው መቆሸሽ፣ የጋዝ መጉደል ወይም ቅዝቃዜውን የሚቆጣጠረው ቴርሞስታት ነው።

ጠርጎ ማስነሣት

ከሁሉም በፊት መሞከር ያለበት ይህ ነው፤ ካቻቢቴና ግማሽ ቀን ብቻ ይፈልጋል። ብዙ አሮጌ ፒክአፖች የጋቢና አየር ማጣሪያ የላቸውም። አየር የሚስቡት ከፊት መስታወቱ እግር ሥር ካለው ወንፊት ነው፤ ዛፍ ሥር የሚያድር መኪና ደግሞ ቅጠሉን በዚያ ይውጣል።

የእኔን ስከፍት ያየሁትን ልንገራችሁ። ከተሳፋሪው ፊት ያለውን መሳቢያ አወጣሁ፣ ፋኑን የያዙትን ሦስት ብሎኖች ፈታሁ፣ ወደ ታች ሳብኩት። ክብ ጎጆ የሚመስለው የፋኑ ክንፍ ግማሹ ተደፍኗል። የጃካራንዳ ቅጠል ደቅቆ እንደ ትምባሆ ሆኗል፤ የቡና ገለባ አለ፤ ከሁሉ በላይ ግን አይጥ የማዳበሪያ ክር ጎትታ፣ አድቦልቡላ የሠራችው ማደሪያ ነበር፣ ነጭና አረንጓዴ ክር የተጎነጎነበት። ቡና የሚጭን መኪና ላይ አይጥ አትጠፋም። የአይጥ ኩስ ካያችሁ በደረቁ አትጥረጉ፤ አፍና አፍንጫ ሸፍናችሁ፣ ውኃ አርከፍክፋችሁ በእርጥብ ጨርቅ አንሡት።

ፋኑ ከወጣ በኋላ ኢቫፖሬተሩን በባትሪ ብርሃን ማየት ይቻላል፤ አንዳንዱ ላይ በሬዚስተሩ ቀዳዳ ይታያል። ፊቱ ላይ አቧራና ፀጉር እንደ ቡትቶ ተነጥፎ ከሆነ በለስላሳ ብሩሽ አንሥታችሁ፣ ለስላሳ ሳሙና የተቀላቀለበት ውኃ በቀስታ ርጩበት። በመኪና አጣቢ ግፊት አይሆንም፤ ስስ የአሉሚኒየም ክንፎቹን አጣጥፎ ለዘላለም ይዘጋቸዋል። በረኪናም አይሞከርም፣ አሉሚኒየሙን ይበላዋል። ውኃው ከመኪናው ሥር በቀጭኑ ጎማ መውጣት አለበት። ካልወጣና የተሳፋሪው ምንጣፍ ከረጠበ ጎማው በጭቃ ተደፍኗል፤ ከታች ባልጠነከረ ነገር ጎርጉሩት፣ በሽቦ ግን አይደለም።

የሻገተ ሽታ ያለበት መኪና ላይ ይህ ሥራ ብቻውን ግማሽ መድኃኒት ነው።

ካቦና ማያያዣ

በ1990ዎቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተሠሩት የጃፓን ፒክአፖች ሦስቱንም በሮች የሚያንቀሳቅሱት ባብዛኛው በካቦ ነው፤ ልክ እንደ ብስክሌት ፍሬን። ካቦ መልካም ነገር ነው፤ ሲበላሽ ይታያል፣ ሲጠገን በእጅ ነው። ከመሪው በስተቀኝ ሥር ወይም ከመሳቢያው ጀርባ በባትሪ ተመልከቱ። አንድ ሰው መምረጫውን ያንቀሳቅስ፣ እናንተ የትኛው ክንድ እንዳልተንቀሳቀሰ እዩ።

ልብ መባል ያለበት አገጣጠሙ ነው። ካቦውን እንደወደቀ መልሶ ማስገባት ብቻ አይበቃም። መምረጫው አንዱ ጫፍ ላይ ይደረጋል፤ በሩ በእጅ ወደዚያው ጫፍ ድረስ ይገፋል፤ በዚያ ቦታ ላይ ሳለ የካቦው ሽፋን በማያያዣው ይታሰራል። ይህ ካልተደረገ በሩ ሩብ ያህል ክፍት ይቀራል፣ "ኤሲው ደከመ" የሚባለውም ከዚህ ይመጣል። ማያያዣዋ ከጠፋች ከተፈታ ሌላ መኪና ትገኛለች፤ እስክትገኝ ስስ ሽቦ ወይም የፕላስቲክ ማሰሪያ ይይዛል።

የተሰበረው የበሩ ክንድ ከሆነ ነገሩ ይከብዳል። ይህን ዓይነት ፕላስቲክ ሱፐር ግሉ አይይዘውም፤ ለሳምንት የያዘ መስሎ በመጀመሪያው ጉድጓድ ይለቃል። ያየሁት ጥሩ ዘዴ ክንዱን በስስ ቆርቆሮ ደግፎ በሁለት ትንንሽ ብሎን መያዝ ነው። ቁመናው ያስቃል፣ ግን ይሠራል።

በሮቹን በኤሌክትሪክ ሞተር የሚያንቀሳቅሱ ቀጠል ያሉ ሞዴሎች ላይ ምልክቱ ሌላ ነው፦ ከዳሽቦርዱ ውስጥ ሳያቋርጥ "ጠቅ ጠቅ ጠቅ" የሚል ድምፅ። የትንሿ ሞተር የፕላስቲክ ጥርስ አልቋል፤ ከመቀየር ሌላ መላ የለውም። የአሜሪካ ፒክአፕ ያለው ደግሞ፣ በብዙዎቹ ላይ በሮቹን የሚስበው ከሞተሩ የሚመጣ የቫኪዩም ጎማ ነው፤ ጎማው ሲቀደድ ነፋሱ ሁሉ ወደ መስታወት ይሄዳል። ጎማ ፈልጎ መቀየር ነው፤ ጅማ ውስጥ ይህ መኪና ብርቅ ስለሆነ አላረዝመውም።

ሬዚስተርና የፋን ሞተር

ሬዚስተሩ ፋኑን የሚያዘገየው ትርፉን ኤሌክትሪክ ወደ ሙቀት ቀይሮ ነው። ለዚያ ነው ራሱ የነፋሱ መንገድ ላይ የተቀመጠው፤ ፋኑ ነው የሚያቀዘቅዘው። እንግዲህ ፋኑ በቅጠል ሲታፈን ወይም የፋኑ ሞተር ሲከብደው ሬዚስተሩ ይቃጠላል። ሬዚስተር ቀይሮ ፋኑን አለመጥረግ በየመንፈቁ ሬዚስተር መግዛት ነው። ስትፈቱት ሶኬቱንም እዩ፤ ቡናማ ሆኖ ከቀለጠ አብሮ ይቀየራል።

እዚህ ላይ አንድ የማልስማማበት የጋራዥ ልማድ አለ፦ ሬዚስተሩን ትቶ ፋኑን በቀጥታ ሽቦ ከባትሪ ማገናኘት። በከፍተኛው ፍጥነት ፋኑ እስከ 20 አምፒር ሊጠጋ የሚችል ኤሌክትሪክ ይስባል። ያለ ፊውዝና ያለ ሪሌ፣ በቀጭን ሽቦ፣ ከምንጣፍ ሥር ይህን ማሳለፍ እሳት መጋበዝ ነው። የግድ ከሆነ ፊውዝና ሪሌ ይግባበት፣ ሽቦው ይወፍር። ያኔም ቢሆን አንድ ፍጥነት ብቻ ይኖራችኋል፤ በሌሊት ጉዞ የዚያ ፋን ጩኸት ከተሳፋሪ ጋር ያጣላል።

ያገለገለ የፋን ሞተር ስትገዙ ሱቁ ውስጥ ባትሪ አስነክታችሁ አዳምጡት። የመዞሪያው አቅጣጫና የክንፉ ስፋት ከእናንተው ጋር አንድ መሆኑን እዩ፤ አሮጌውን ይዞ መሄድ ነው የሚሻለው።

በሩን አንድ ቦታ አስሮ መተው

መካኒኮች ያፍሩበታል፣ እኔ አላፍርበትም። ክንዱ ተሰብሮ፣ ዕቃው ጠፍቶ፣ ሥራው ደግሞ የማይቆም ከሆነ በሩን በሽቦ አስሮ መኖር ይቻላል። ጥያቄው የት ላይ የሚለው ነው። በጅማ ክረምት መልሱ አንድ ነው፦ መስታወት ላይ። ወደ መስታወት የሚነፍሰው አየር ተመልሶ ጋቢናውን ትንሽ ያቀዘቅዛል፤ እግር ላይ የታሰረ ነፋስ ግን መስታወት አያደርቅም። የአየር መግቢያውም በር መታሰር ካለበት ወደ ውጭ ይታሰር። እርግጥ በበጋ ከአይሱዙ ኋላ በጥርጊያ መንገድ ስትነዱ አቧራውን ትበላላችሁ፤ ቢሆንም ጉም ከለበሰ መስታወት አቧራ ይሻላል።

ሣጥኑን ማውረድ፦ የራስን ማደስ ወይስ ያገለገለ መግዛት?

ከአየር መውጫው ጥቁር የስፖንጅ ፍርፋሪ እየወጣ ሸሚዛችሁ ላይ ካረፈ በሮቹ ላይ የተለጠፈው ስፖንጅ በስብሷል። በሩ ቢዘጋም በዙሪያው አየር ያሾልካል፤ ሙቁና ቀዝቃዛው ይቀላቀላል። ይህን ከውጭ መድረስ አይቻልም፤ ዳሽቦርዱ ይወርዳል፣ የማሞቂያው ውኃ ይፈስሳል፣ ጋዙ በመሣሪያ ይወጣል። የቀናት ሥራ ነው።

የራስን ሣጥን ማደስን እመርጣለሁ። ምክንያቱም ሣጥኑ ለመኪናው ልክ መሆኑ የታወቀ ነው፤ የሚቀየረው ስፖንጁ፣ የቧንቧዎቹ የጎማ ቀለበቶችና ጋዙ የሚያልፍበት ማድረቂያ ጠርሙስ ነው። አደራ፣ የፍራሽ ስፖንጅ አትቀበሉ። ውኃ ይመጥጣል፣ ይሸታል፣ በዓመቱ ይፈርሳል። ውኃ የማይመጥጥ፣ ጥቅጥቅ ያለ ስስ ስፖንጅ በጥሩ ማስቲሽ ይለጠፍ።

ያገለገለ ሙሉ ሣጥን የሚያዋጣው የራሳችሁ ተሰባብሮ ከሆነ ወይም ኢቫፖሬተሩ ቀዳዳ ካወጣ ነው። ከሶማሌ ተራ ስታስመጡ ሁለት ወጥመድ አለ። አንደኛ፣ መሪያቸው በቀኝ ከሆነ አገሮች የመጣ ሣጥን መልኩ አንድ ሆኖ ግራና ቀኙ የተገለበጠ ሊሆን ይችላል፤ በስልክ "ለሃይሉክስ ነው" መባል አይበቃም። የራሳችሁን ከፊትና ከጎን ፎቶ አንሥታችሁ ላኩ፣ የሞዴሉን ቁጥር ጨምሩ፣ የእነሱንም ፎቶ ሳታዩ ብር አትላኩ። ሁለተኛ፣ የቆየ ሣጥን ውስጥ ያለው ስፖንጅ ከእናንተው እኩል በስብሶ ሊሆን ይችላል። ሳይከፈትና ስፖንጁ ሳይታይ ከገባ ዳሽቦርዱን ሁለቴ ልታስወርዱ ነው።

ጋዝ

የታሸገ መሥመር ጋዝ እንደ ናፍጣ አይበላም። ከጎደለ የሚያፈስበት ቦታ አለ፤ ቦታው ሳይገኝ መሙላት በተቀደደ ጆንያ ቡና መስፈር ነው። ብዙውን ጊዜ የሚያፈሰው ዘይት አቧራ ይዞ ምልክት ይተዋል፤ መጋጠሚያዎቹንና ፊት ለፊት ያለውን፣ የጋዙን ሙቀት ወደ ውጭ የሚያስወጣውን ኮንደንሰር እዩ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1990ዎቹ አጋማሽ በፊት የተሠሩ መኪኖች አር 12 በሚባል ጋዝ የሚሠሩ ነበሩ፣ ከዚያ ወዲህ አር 134ኤ የሚባለው መጣ፤ ሁለቱ አይደባለቁም፣ ዘይታቸውም ይለያያል። ኮፈኑ ሥር ያለው ተለጣፊ ይነግራችኋል፤ መኪናው ተቀይሮለት ከሆነ ጋዙን ይሞላ የነበረውን ሰው ጠይቁ። ቧንቧ በራሳችሁ አትፍቱ፤ አር 134ኤ ከዜሮ በታች 26 ዲግሪ ላይ የሚፈላ ነገር ነው፣ ቆዳና ዓይን ላይ ቢረጭ በብርድ ያቃጥላል።

በአንድ ዓይን

| አማራጭ | የሚያድነው ምልክት | ወጪ | ዕቃው | መኪናው የሚቆመው | ወደ ነበረበት መመለስ |
|---|---|---|---|---|---|
| ጠርጎ ማስነሣት | ድምፅ አለ ነፋስ የለም፣ ሽታ፣ እርጥብ ምንጣፍ | የእጅ ብቻ | አያስፈልግም | ግማሽ ቀን | ይቻላል |
| ካቦና ማያያዣ | ነፋሱ አቅጣጫ አይቀይርም፣ መምረጫው ላልቷል | የእጅ ብቻ | ጅማ ይገኛል ወይም ይሠራል | ከደቂቃዎች እስከ ግማሽ ቀን | ይቻላል |
| ሬዚስተር ወይም ፋን | አራት ላይ ብቻ ይነሣል፣ ወይም ጭራሽ አይነሣም | እጅና አንድ ዕቃ | ለተለመዱት ጅማ፣ ለሌሎቹ አዲስ አበባ | አንድ ቀን | ይቻላል |
| በሩን ማሰር | ክንድ ተሰብሯል፣ ዕቃ የለም | የእጅ ብቻ | አያስፈልግም | ጥቂት ሰዓት | ይቻላል |
| የራስን ሣጥን ማደስ | የስፖንጅ ፍርፋሪ፣ ሙቅና ቀዝቃዛ ይቀላቀላል | ዕቃና የቀናት ሥራ | ስፖንጅና ቀለበት | ቀናት | ይከብዳል |
| ያገለገለ ሣጥን | ኢቫፖሬተር ተቀድዷል፣ ሣጥኑ ተሰባብሯል | ከሁሉም ከባዱ | አዲስ አበባ | ቀናት፣ ከመላኪያው ጋር | አይቻልም ማለት ይቀላል |
| ጋዝ | ቧንቧው አይቀዘቅዝም፣ የሚያፈስበት ተገኝቷል | እጅና ጋዝ | ጅማ | ግማሽ ቀን | አይመለከተውም |

ለማን የትኛው?

ጅማ ከተማ ውስጥ ከፈረንጅ አራዳ ሂርማታ፣ ከሂርማታ ቆጪ የሚመላለስ መኪና ሙሉ ጥገና አያስፈልገውም። ይጠረግ፣ ካቦው ይታይ፣ ነፋሱ መስታወት ላይ መድረሱ ይረጋገጥ። ቅዝቃዜው ቢደክምም መስኮት አለ።

በክረምት ሊሙ፣ አጋሮ ወይም ቦንጋ መንገድ ላይ ሰው ጭኖ ለሚነዳ ግን መስታወቱ የደኅንነት ጉዳይ ነው። እሱ ጋ ካቦና ሬዚስተር ለነገ አይባልም። ብር ከሌለም በሩ ዛሬውኑ መስታወት ላይ ይታሰር፤ የቀረው ቡናው ሲሸጥ ይደርሳል።

አዲስ አበባ በየሳምንቱ የሚመላለስ ሰው ብቻ ነው ቅዝቃዜው ላይ ገንዘብ ቢያወጣ የማልወቅሰው። እሱም ቢሆን በቅድሚያ ኢቫፖሬተሩን ያስጠርግ፣ ጊቤ ላይ ነፋሱ የሚሟሽሽ እንደሆነ ይፈትሽ፣ ከዚያ ስለ ጋዝ ያውራ። በደንብ የሚሠራ ኤሲ ከመሐለኛው መውጫ ላይ ቴርሞሜትር ቢሰካ ከ5 እስከ 10 ዲግሪ ያሳያል።

መኪናውን ለመሸጥ ያሰበ ዳሽቦርድ አያስወርድ፤ ወጪውን ገዢ አይመልስለትም። ለብዙ ዓመት ይዞት ሊቆይ ያሰበ ግን ይለያል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ "አሮጌውን ጥዬ ሌላ እገዛለሁ" ማለት እንደ ድሮው አልቀለለም። እንዲህ ላለው ሰው ሣጥኑን አንዴ አውርዶ፣ ስፖንጁን፣ ቀለበቶቹንና ማድረቂያውን በአንድ ላይ ማስቀየር ከሦስት ጊዜ ጋዝ ይረክሳል። ጊዜው ደግሞ የካቲት ወይም መጋቢት ነው፤ ቡናው አልቆ ዝናቡ ሳይጠና።

ጋራዥ ስትገቡ "ኤሲ አይሠራም" አትበሉ፤ ያ ቃል ጋዝ ያስሞላችኋል። ያያችሁትን ንገሯቸው፦ "ቧንቧው ይቀዘቅዛል፣ ፋኑ በአራቱም ይነሣል፣ ነፋሱ ግን ከእግር አይነሣም።" ሥራው ሲያልቅ ደግሞ ቁልፉን ከመቀበላችሁ በፊት ሶፍቷን አውጡና ሦስቱም መውጫ ላይ፣ እነሱ እያዩ፣ ያዟት።